ቤታችሁ ስንት ቆርቆሮ ነው?

አባቴ የሰው ቤት ሲነሳ በካሬ ሜትር አያስብም። «ስንት ቆርቆሮ ነው?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። በጎጃም ገጠር ብዙው ሰው እንዲህ ነው። «እገሌ ባለ 60 ቆርቆሮ ቤት ሠራ» ከተባለ የቤቱ ስፋት፣ የባለቤቱ አቅም፣ ጤፉ እንዴት እንደሆነለት ሁሉ በአንድ ቁጥር ተነግሮ አለቀ። ኢኮኖሚክስ ተምሬ ስመረቅ ይህ መለኪያ ኋላ ቀር ይመስለኝ ነበር። ዘንድሮ ሐሳቤን ቀየርኩ። ያስቀየረችኝ ደብረ ማርቆስ ላይ ቤት የጀመረችው ታላቅ እህቴ ናት።

እህቴ አስተማሪ ናት፤ ባሏ ጤና ጣቢያ ይሠራል። ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር በማኅበር ተደራጅተው 10 በ20 የሆነ፣ ማለትም የ200 ካሬ ሜትር ቦታ ደረሳቸው። ያን ቀን ቤተሰቡ ሁሉ እንደ ሰርግ ነበር የተደሰተው። አባታችን ጎዛምን ወረዳ ገበሬ ነው። ከሁለቱ በሬዎቹ አንዱን ሸጦ ብሩን በመሐረብ ቋጥሮ አመጣላት። ከዚያ ወዲህ የሚያርሰው ከጎረቤት ጋር በመቀናጆ ነው።

ፕላኑ የመጣው ከስልክ ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ ጓደኛቸው የሠራውን ቪላ ፕላን ፎቶ አንስቶ ላከላቸው። ሦስት መኝታ፣ ሁለት መታጠቢያ፣ ሳሎን፣ ለብቻው የምግብ ክፍል፣ ረጅም ኮሪደር። 8 ነጥብ 5 በ13 ሜትር፣ በድምሩ 110 ካሬ ገደማ። አማረላቸው። ለሚያስፈልገው ማኅተም ባለሙያ ፈልገው በወረቀት አስገለበጡት፣ ፈቃድ ወጣበት፣ 2014 ዓ.ም. ላይ መሠረት ተቆፈረ።

ጊዜው ሲሚንቶ ያበደበት፣ መንግሥትም ስርጭቱን ለመቆጣጠር የገባበት ወቅት ነበር። ድንጋይ፣ ገረገንቲ፣ ፌሮ፣ ሲሚንቶ እየተባለ የሁለቱም ቁጠባ፣ የመሥሪያ ቤት ብድር፣ የአባቴም በሬ ተራ በተራ መሬት ውስጥ ገባ። ግሬድ ቢሙ ታስሮ እንዳበቃ ብሩም አበቃ። ከዚያ በኋላ አራት ክረምት አለፈ። የኮለኑ ፌሮ ወደ ሰማይ ቆሞ ዝጓል፤ በመሠረቱ ውስጥ ሣር በቅሏል፤ እነሱ ደግሞ በየወሩ የቤት ኪራይ ይከፍላሉ። አባቴ «ቤቱን ልየው» ባለ ቁጥር እህቴ «ትንሽ ይቅረው አባዬ፣ ሲያልቅ ትመጣለህ» ትለዋለች። አፍራ ነው።

ደብረ ማርቆስ ዳር ዳሩን የተንሸራሸረ ሰው እንዲህ ያለ መሠረት ደጋግሞ ያያል። እህቴ ብቻዋን አይደለችም።

ለምን መሠረት ላይ እንቀራለን?

ሰው ሞኝ ስለሆነ አይደለም። ሁለት ጥሩ ምክንያቶች አሉት። አንደኛው የዋጋ ንረት ነው። ብር ባንክ ሲቀመጥ ይሟሟል፤ ስለዚህ «ብር ከማስቀመጥ ብረት ማስቀመጥ» የሚለው ስሌት ትክክል ነው። በተለይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ ወዲህ፣ ከውጭ የሚመጣ ወይም ጥሬ ዕቃው ከውጭ የሚገባ ሁሉ ምን ያህል እንደተሰቀለ የሃርድዌር ሱቅ ደጃፍ የረገጠ ሰው ያውቀዋል። ሁለተኛው የመሬቱ ሕግ ነው። የሊዝ አዋጁ (ቁጥር 721/2004) ቦታ የተሰጠው ሰው በውሉ በተቀመጠለት ጊዜ ውስጥ ግንባታ እንዲጀምር ያስገድዳል። ቦታው እንዳይነጠቅ ሰው ተጣድፎ ይቆፍራል።

ችግሩ መሠረት ደካማ ባንክ መሆኑ ነው። ያስገባችሁትን መልሳችሁ አታወጡትም፤ ጣሪያ እስካልመጣ ድረስ ወለድም አይከፍልም። ፌሮ ይዝጋል፤ በከረጢት የቆየ ሲሚንቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ኪራዩ ግን አይቆምም። እህቴ በእነዚያ አራት ዓመታት የከፈለችውን ኪራይ ደምረን አየን። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም፤ እሷ ግን ስታየው ወረቀቱን ገልብጣ አስቀመጠችው።

የአባቴ መለኪያ ብልህነት እዚህ ላይ ነው የገባኝ። ጣሪያ ያልለበሰ ቤት ቆርቆሮ የለውም። መሠረት ላይ የቆመ 110 ካሬ በገበሬው ሒሳብ ዜሮ ነው። እኛ የምንጀምረው «ስንት ክፍል እፈልጋለሁ?» ከሚለው ነው፤ እሱ የሚጀምረው «ዘንድሮ ስንት ቆርቆሮ ማልበስ እችላለሁ?» ከሚለው። በጠባብ በጀት የቤት ፕላን ማውጣት ማለት ከጣሪያው ጀምሮ ወደ ታች ማስላት ነው።

ከላይ ወደ ታች

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ እህቴ ደወለች። «አንተ ሒሳብ ተምረሃል አይደል? ና እስቲ አስላልኝ» አለችኝ። በሰፈሩ ብዙ ቤት የገነቡ አንድ አዛውንት ግንበኛ ጠርተን ሦስታችን ያንን መሠረት ዞርነው። እኔ እንደ ተማሪ ስለ «የሰመጠ ወጪ» ማውራት ጀመርኩ፤ የወጣው ወጥቷል፣ አሁን ማሰብ ያለብን ስለሚወጣው ብቻ ነው ለማለት። ጋሼ አዳመጡኝና «መሠረቱን አትጣሉት፤ ግማሹን ቤት አድርጉት፣ ግማሹ ይጠብቅ» አሉ። ያው እኔ የምለውን ነው፣ በአጭሩ።

ደግነቱ ከፊት 7 ነጥብ 5 ሜትር ላይ ቤቱን በወርዱ የሚያቋርጥ ቢም ነበረ። እዚያ ላይ ግድግዳ ቢቆም 8 ነጥብ 5 በ7 ነጥብ 5፣ ማለትም 64 ካሬ ገደማ የሆነ ሙሉ ቤት ይወጣል። ቀሪው 5 ነጥብ 5 ሜትር ለነገ ይቆያል። መሠረቱ ለዚህ ይሆን እንደሆነ መሐንዲስ አየው፤ የተሻሻለው ፕላንም ለማዘጋጃ ቤት ገባ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ (ቁጥር 624/2001) ሕንፃዎችን በሦስት ሲከፍል፣ ከሁለት ፎቅ በታች የሆነውን የግል መኖሪያ በቀላሉ ምድብ፣ በምድብ ‹ሀ› ነው ያስቀመጠው። ቀላል ነው ማለት ግን ያለ ፈቃድ ይለወጣል ማለት አይደለም። ከወሰን ስንት ሜትር መራቅ እንዳለባችሁ፣ በሰፈራችሁ ጭቃ ቤት ይፈቀድ እንደሆነ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ጠይቁ።

«64 ካሬ አያንስም?» የሚል ይኖራል። በ1996 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም ባለ ሁለት መኝታ ብሎ የመደበው ከ30 እስከ 45 ካሬ የሆነውን ነው። ስንት ቤተሰብ በዚያ ውስጥ ልጅ አሳድጓል።

ቅርፁ ራሱ ገንዘብ ነው

64 ካሬ ቦታ ለመከለል የምትሠሩት ግድግዳ እንደ ቅርፁ ይለያያል። 4 በ16 ካደረጋችሁት ዙሪያው 40 ሜትር ነው። 8 በ8 ካደረጋችሁት 32 ሜትር። ክብ ብታደርጉት 28 ሜትር ከምናምን ብቻ። አያቶቻችን ጎጆውን ክብ ያደረጉት ለሣር ክዳኑ ስለሚመች ጭምር ቢሆንም፣ በአነስተኛ ግድግዳ ብዙ ቦታ የሚይዘውም እሱ ነው። ዛሬ በብሎኬትና በቆርቆሮ ክብ ቤት አይመችም፤ ወደ አራት ማዕዘን እኩልነት መጠጋት ግን ይቻላል።

በ40 እና በ32 ሜትር መካከል ያለው 8 ሜትር ቀላል ይመስላል። ግድግዳው 3 ሜትር ቢቆም 24 ካሬ ግድግዳ ነው። አንድ ካሬ 13 ገደማ ብሎኬት ይበላል፤ ከ300 ብሎኬት በላይ መጣ። በላዩ ላይ የሥሩ መሠረት፣ በሁለት ወገን ልስን፣ ቀለም። ለዓይን እንዲያምር ተብሎ ገባ ወጣ የሚል ግድግዳም እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ ማዕዘን ግንበኛን ያዘገያል፣ የጣሪያ መጋጠሚያ ይፈጥራል፣ መጋጠሚያው ደግሞ ክረምት ላይ ያፈሳል።

ቀጥሎ ኮሪደሩ። በአሮጌው ፕላን 1 ነጥብ 2 በ7 ሜትር፣ ማለትም ከ8 ካሬ በላይ ነበር። 3 በ3 የሆነ መኝታ 9 ካሬ ነው። እህቴ ማንም ለማይተኛበት መኝታ ልትከፍል ነበር። በአዲሱ ፕላን ኮሪደር የለም። ሁለት መኝታ እያንዳንዳቸው 3 ነጥብ 2 በ3 ነጥብ 4፣ ሳሎን 4 ነጥብ 7 በ4 ነጥብ 4፣ ወጥ ቤት 2 ነጥብ 8 በ2 ነጥብ 5፣ መታጠቢያና መጸዳጃ 1 ነጥብ 8 በ2 ነጥብ 5። በሮቹ ሁሉ ሳሎን ላይ ይከፈታሉ። ጉዳት አለው፤ እንግዳ ባለበት ከመኝታ የወጣ ሰው ይታያል። መጋረጃ ይሰቀላል እንጂ ለዚህ ተብሎ 8 ካሬ አይገነባም።

ወጥ ቤቱና መታጠቢያው ጀርባ ለጀርባ ናቸው። የውሃ ቧንቧው በአንድ ግድግዳ ይወጣል፤ የፍሳሹም መስመር አንድ ነው። በአሮጌው ፕላን አንዱ መታጠቢያ ከፊት፣ ሌላው ከኋላ፣ ወጥ ቤቱ ደግሞ ለብቻው በሌላ ጥግ ነበር። ቧንቧ ሲፈስ የትኛውን ወለል ታፈርሳላችሁ? እሱንም አስቡ።

ከእህቴ ጋር የተከራከርነው በሳሎኑ ነው። «ለቅሶ ቢመጣ፣ ማኅበር ቢወጣልኝ፣ ሰው የት ይቀመጣል?» አለች። እውነቷን ነው፤ እኛ አገር ሳሎን የባለቤቱ ብቻ አይደለም። ግን ለቅሶም ሰርግም ሲመጣ ድንኳን ነው የሚጣለው። የሚያስፈልገው ባዶ ግቢ ነው። በዓመት ሦስት አራት ቀን ለሚመጣ ሰው 10 ካሬ ሳሎን ከመጨመር፣ ድንኳን የሚያስተክል ግቢ መተው ይረክሳል። ሰርቪስ ለመሥራት የምታስቡም ካላችሁ፣ በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ቦታውን ለዩለት። ቀድሞ የተሠራ ሰርቪስ ዋናውን ቤት መውጫ ሲያሳጣው አይቻለሁ።

የማርቆስ ብርድ፣ የማርቆስ አፈር

ከአዲስ አበባ የመጣ ፕላን የማያውቃቸው ነገሮች አሉ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ያለች ናት። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ከጮቄ ወገን የሚመጣውን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች፣ ከነሐሴ ማብቂያ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ብርዱ የሚጠናው በዚሁ ጊዜ ነው። ስለዚህ ሳሎኑንና ልጆች የሚያጠኑበትን ክፍል መስኮት ወደ ደቡብ፣ መኝታን ወደ ምሥራቅ፣ ወጥ ቤትና መጸዳጃን ወደ ሰሜን ብታደርጉ ፀሐይ በነፃ ታሞቃችኋለች። መስኮት የትም ቢሆን ዋጋው ያው ነው። ቦታ መምረጥ ገንዘብ አይጠይቅም።

ሌላው አፈሩ ነው። በምሥራቅ ጎጃም ብዙ ቦታ ጥቁር ዋልካ አለ። በጋ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ያብጣል፤ ቤቱንም አብሮ ያነሳል፣ ይጥላል። ግድግዳው ላይ ሰያፍ ስንጥቅ ያለበት ቤት አይታችሁ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የልስኑ ሳይሆን የሥሩ ነው። ቦታችሁ ዋልካ ከሆነ ጠንካራ አፈር ወይም ድንጋይ እስኪገኝ መቆፈር፣ የክረምቱንም ውሃ ከቤቱ ዙሪያ ማራቅ የግድ ነው። ይህ ወጪ የሚቀነስበት አይደለም። እንዲያውም ትንሽ ቤት የሚመረጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ጥልቅ መሠረት ለ110 ካሬና ለ64 ካሬ አንድ አይደለም።

ጭቃ ቤት የምትሠሩም ብትሆኑ ሒሳቡ ያው ነው። ከሥሩ የድንጋይ መሠረት፣ ከላዩ ሰፋ ያለ የጣሪያ ክፈፍ፣ በቅጡ የቦካ የጤፍ ጭድ ያለው ጭቃ፣ ምስጥ እንዳይበላው የተቀባ ባሕር ዛፍ ካለው ብዙ ዓመት ይቆማል። ያለቀ ጭቃ ቤት ካላለቀ ብሎኬት ቤት ይሞቃል።

አንድ ልምድ ደግሞ ልስጣችሁ፤ ዋጋው አንድ ቁምጣ አመድ ነው። ባዶ ሜዳ ላይ ፕላኑን በልኩ በገመድና በአመድ አሰመርነው። እህቴ ገብታ ተራመደችበት። አልጋው እዚህ፣ ቡፌው እዚያ፣ በሩ ወደዚህ ሲከፈት… «ቆይ፣ ምጣዱን የት ላስቀምጥ ነው?» አለች። በወረቀት ላይ ሦስታችንም አላየነውም ነበር። የወጥ ቤቱን በር ወደ ኋላ አዞርነው፤ መብራት ሲጠፋ በእንጨት የምትጋግርበት ዳስ ከጀርባ፣ በተረፈው መሠረት ላይ ሆነ። ጭሱም ከቤት ወጣ።

ለነገውም መንገድ ተትቷል። በኋላው መኝታ የጀርባ ግድግዳ ላይ የበር ክፍተት ትተን፣ ከላዩ ቢም አስረን በብሎኬት ደፈንነው። ብር ሲመጣ ብሎኬቱ ይነሳል፤ ያ መኝታ የምግብ ክፍል ይሆናል፣ ከጀርባው ሁለት መኝታ ይቀጠላል። ጣሪያውም ሁለት ክንፍ ብቻ ሆኖ አናቱ በቦታው ርዝመት ስለሄደ ሳይፈርስ ይቀጠላል። አራት ክንፍ ያለው ጣሪያ ቢሆን ኖሮ ያን ለማድረግ ማፍረስ ነበረብን።

66

እኔም ተሳስቻለሁ። ባለ 2 ሜትሩ ቆርቆሮ ተደራርቦ ሲመታ አንዱ 1 ነጥብ 4 ካሬ ገደማ ይሸፍናል ብዬ፣ ተዳፋቱንም ክፈፉንም ጨምሬ «60 ቆርቆሮ ይበቃል» አልኩ። አናጢው ከእንጨቱ ላይ ሆኖ ሳቀ። በአንድ ክንፍ ሦስት ረድፍ፣ በረድፍ 11፣ ለሁለቱ ክንፍ 66። ቆርቆሮ በካልኩሌተር አይቆረጥም፤ ሙሉውን ነው የምትገዙት። ስለዚህ ፕላን ስታወጡ ከአናጢው ጋር ቆርቆሮውን በረድፍ ቁጠሩ፤ ከቻላችሁም የቤቱን ልክ ከቆርቆሮው ልክ ጋር አስማሙት።

የጎደለው ስድስቱ ቆርቆሮ በአንድ ወር ደመወዝ ተሟላ፣ የካቲት ላይ ጣሪያው ለበሰ። እህቴ ልስኑ ሳያልቅ ገባች። ወለሉ ሊሾ ነው፤ ኮርኒስ የለውም፤ ለክረምቱ የማዳበሪያ ኮርኒስ ሊወጠር ታስቧል። ጎረቤት «ቤታቸውን ቆረጡት፣ ብር አልቆባቸው» ብሎ አውርቷል። እውነት ነው፣ አልቆባቸው ነበር። የኪራዩ ብር ግን አሁን ቤት ውስጥ ይቀራል። የመጀመሪያው የሚሄደው ወደ ኮርኒስ ወይም ወደ ቀለም አይደለም፤ በሬ ሊገዛበት ነው።

ለፋሲካ አባቴ መጣ። እህቴ ቡና እያፈላች ስለ ጓዳው፣ ስለ መስኮቱ፣ ስለሚቀጠለው መኝታ ልታስረዳው ሞከረች። እሱ አልሰማትም። መሐል ሳሎን ቆሞ ቀና ብሎ፣ ጣቱን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው እያንቀሳቀሰ በከንፈሩ ይቆጥር ነበር። ከዚያ በትሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ተቀመጠ።

«66 ነው» አለ።